በዓል የሚሸከም ሰፈር



የዛሬው ምሽት አዘጋጆች ለእናንተ፣ በመጪዎቹ ወራት ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጃፓን ለምትጓዙ ወጣቶች፣ «ስለ ጃፓን ኑሮ አንድ ነገር አካፍዪ» ብለው ሲጋብዙኝ ርእሱን ለእኔ ተዉልኝ። ስለ ፈጣኑ ባቡርና ስለ ፋብሪካው የሚነግሯችሁ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይም እንዲሁ። እኔ የመረጥሁት የጃፓንን የወቅት በዓላትና በእነዚያ በዓላት ውስጥ የውጭ አገር ነዋሪ የሚያገኘውን ቦታ ነው።

በአማርኛ ስለ ጃፓን መናገር አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም ቆየት ብለው «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ስለ ጃፓን ሲጽፉ ልባቸው ያለው አገራቸው ላይ ነበር፤ ይህች አገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዴት ተነሣች፣ እኛስ ከእሷ ምን እንማር ብለው ተጨነቁ። ጥያቄው ትልቅ ነበር፣ አሁንም ትልቅ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ወደ ሰፈር የወረደ ነው። ሠለጠነ ባልነው ከተማ መሀል፣ ሰው የግድግዳ ጎረቤቱን ስም በማያውቅበት ፎቅ ሥር፣ ሰዎች በየዓመቱ ወጥተው አንድ ከባድ ነገር በትከሻቸው ተሸክመው የሚዞሩት ለምንድን ነው? ከሌላ አገር የመጣ ሰውስ ከሸክሙ የሚደርሰው መቼ ነው?

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገረው፤ በየመሀሉም እመለስበታለሁ። የጃፓን በዓል ለሚያየው ሁሉ ደስታ ይሰጣል፤ ቦታ የሚሰጠው ግን ለሚሠራለት ሰው ነው።

መጀመሪያ የዓመቱን ዙር እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎ ከበዓሉ ጀርባ ያለውን ሰፈር፣ ከዚያ የእንግዳውን ቦታ፣ በመጨረሻም በዓላቱ ዛሬ የገጠማቸውን ችግር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ ዓመቱ ዙር እንግባ። የጃፓን የጥንት ዘመን አቆጣጠር ዓመቱን 24 ቦታ፣ እያንዳንዱንም እንደገና ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ 72 ትንንሽ ወቅቶች ማለት ነው፤ አንዱ አምስት ቀን ገደማ። ስማቸውን ብታዩ አንዱ የምሥራቅ ነፋስ በረዶውን የሚያቀልጥበት ነው፤ አንዱ ወንጭፊቶች የሚመጡበት፤ አንዱ የቀርከሃ ቡቃያ ከመሬት ብቅ የሚልበት። ዛሬ በዚህ አቆጣጠር ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የለም። ሆኖም ዓመትን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ለውጥ የመከታተል ልማድ በሰዉ ኑሮ ውስጥ አለ፤ በደብዳቤ መክፈቻ ላይ፣ በጣፋጭ ቤቱ መስኮት፣ በትምህርት ቤቱ የምሳ ዝርዝር ላይ ታገኙታላችሁ።

የዘመን መለወጫቸው ጃንዋሪ 1 ነው። በዋዜማው ቤተሰቡ ረጅም የባክዊት ኑድል ይበላል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወል 108 ጊዜ ይደወላል። ፌብሩዋሪ 3 አካባቢ የክረምቱን መውጣት ለማክበር የተቆላ አኩሪ አተር እየበተኑ ጋኔኑን ከቤት ያስወጣሉ፣ መልካሙን ዕድል ያስገባሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ፍሬ ቆጥሮ ይበላል። ማርች 3 የሴት ልጆች አሻንጉሊቶች በየቤቱ ይደረደራሉ፤ ሜይ 5 ደግሞ በዓሣ ቅርጽ የተሠሩ ረጃጅም ባንዲራዎች በየሜዳው ይውለበለባሉ። በመጸው፣ በኖቬምበር አጋማሽ፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ኪሞኖ ለብሰው ወደ መቅደስ ይወሰዳሉ። ይህን ሁሉ በፍጥነት አለፍሁት፤ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ሁለት ቦታ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

አንደኛው የቼሪ አበባው ነው። ቶኪዮ ውስጥ አበባው ፈነዳ የሚባለው በግምት አይደለም። የሜትሮሎጂ ሠራተኞች በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ያለውን አንድ የተመረጠ ዛፍ ያያሉ፤ አምስት ወይም ስድስት አበባ ከተከፈተ ወቅቱ ገባ ተብሎ ይታወጃል። ዜናው በየቴሌቪዥኑ ይተላለፋል፣ ሰዉም ምንጣፉን ይዞ ወደ መናፈሻ ይወጣል። ያስደነቀኝ ግን ከዚህ የሚርቅ ነው። በኪዮቶ አበባው መቼ እንደደመቀ የሚናገረው መዝገብ ከ812 ይጀምራል። ያሱዩኪ አኦኖ የተባሉ የኦሳካ ተመራማሪ የቤተ መንግሥት ሰዎችና የመነኮሳት የቀን ማስታወሻዎችን አገላብጠው አሰባሰቡት። እነዚያ ጸሐፊዎች የአየር ጠባይ እየመዘገቡ አልነበረም፤ ከማን ጋር በየትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ፣ ምን እንደጠጡ ነበር የጻፉት። የእነሱ ግብዣ ዛሬ ለሳይንስ የሙቀት መዝገብ ሆነ። በዚያ መዝገብ ከ1200 ዓመት በላይ ሲቆጠር፣ እስከ 2021 ድረስ ከሁሉ ቀድሞ አበባው የደመቀው በዚያው በ2021 ነበር፤ ማርች 26 ቀን። ይህችን ነገር አስቀምጡልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው የቀኑ ጉዳይ ነው፤ እኛ በሁለት ካላንደር የምንኖር ሰዎች ቶሎ ይገባናል። ጃፓን በ1873 ጨረቃንና ፀሐይን አጣምሮ ይቆጥር የነበረውን የጥንት አቆጣጠሯን ትታ የአውሮፓን ተቀበለች። በዓላቱ ታዲያ ወዴት ይሂዱ? አንዳንዱ ቁጥሩን ይዞ ወደ አዲሱ ካላንደር ተዛወረ፤ አንዳንዱ ወቅቱን ላለማጣት አንድ ወር ዘግይቶ ይከበር ጀመር። በሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን የሚከበር ታናባታ የሚባል የከዋክብት በዓል አለ፤ ሰዎች ምኞታቸውን በቀለም ወረቀት ጽፈው በቀርከሃ ላይ የሚያንጠለጥሉበት። ቁጥሩን ይዛችሁ ጁላይ 7 ብታከብሩት ዝናቡ ገና አላባራም፣ ሰማዩም በደመና ተሸፍኗል። የሰንዳይ ከተማ ስለዚህ ከኦገስት 6 እስከ 8 ያከብረዋል። ሙታንን የሚቀበሉበት ኦቦንም እንዲሁ ነው፤ በቶኪዮ ብዙ ቤቶች በጁላይ አጋማሽ፣ በአብዛኛው አገር ደግሞ ከኦገስት 13 እስከ 16።

ኦቦን ሲደርስ የክፍል ጓደኞቻችሁ ሁሉ ድንገት ወደየትውልድ መንደራቸው ይሄዳሉ፣ ባቡሩ ይሞላል፣ ዶርሙ ጭር ይላል። የአያቶቻቸው ነፍስ ወደ ቤት ትመለሳለች ብለው የሚጠብቁበት ጊዜ ነው። መቃብር ያጸዳሉ። ከቤታቸው መሠዊያ ፊት የእንጨት እግር የተተከለላቸው አንድ ኪያርና አንድ ደበርጃን ያስቀምጣሉ፤ ኪያሩ ፈረስ ነው፣ ነፍሳቱ ፈጥነው እንዲመጡበት፤ ደበርጃኑ በሬ ነው፣ ሲመለሱ ቀስ ብለው እንዲሄዱበት። ማታ ማታ በሰፈሩ ሜዳ ከእንጨት በተሠራ ማማ ዙሪያ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። በዚያ ክብ ውስጥ ማን ናችሁ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው የለም። ጭፈራውን ከሚያውቅ ሰው ኋላ ቆማችሁ እጁን ተከተሉ፤ ክቡ ሁለት ጊዜ ሳይዞር ትለምዱታላችሁ። ለአዲስ መጪ ከዚህ የቀለለ መግቢያ በር አላየሁም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ወደ ሰፈሩ እንለፍ። ከበዓሉ ጀርባ ያለው ማነው?

በየሰፈሩ ቾናይካይ የሚባል የነዋሪዎች ማኅበር አለ። አሠራሩን ለመረዳት ዕድርን አስቡ፤ መዋጮ አለው፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳንና ትልልቅ ድስት አለው። የመንገድ መብራት ሲጠፋ ያመለክታል፣ የቆሻሻ መጣያውን ሥፍራ ተራ ገብቶ ያጸዳል፣ የአደጋ ልምምድ ያዘጋጃል፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ በዓሉን ይሠራል። መልእክቱ የሚተላለፈው በካይራንባን ነው። ይህ ወረቀት የተያዘበት ሰሌዳ ነው፤ ከበር ወደ በር ይዞራል፤ አንብባችሁ ትፈርማላችሁ፣ ለሚቀጥለው ቤት ታደርሳላችሁ። ስልክ በሞላበት አገር ይህ ሰሌዳ እስካሁን አለ፤ ባይኖር ኖሮ የጎረቤታችሁን በር የምታንኳኩበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከ1947 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ገንዘብ ለሃይማኖት ድርጅት እንዳይውል ይከለክላል። የመቅደሱ በዓል ስለዚህ በዋናነት በሰፈሩ ሰው ኪስ ይቆማል። ያዋጣው ሰው ስም በወረቀት ወይም በእንጨት ላይ በትልቁ ተጽፎ በመቅደሱ አጥር ወይም በበዓሉ ድንኳን ላይ ይደረደራል፤ የዳቦ ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የብስክሌት ጠጋኙ። ጥቂት ገንዘብ አዋጥታችሁ የራሳችሁን ስም በጃፓን ፊደል ተጽፎ በዳቦ ቤቱና በጥርስ ሐኪሙ መካከል ስታዩት ምን እንደሚሰማችሁ መናገር ይከብደኛል። እኔ በነበርሁበት ሰፈር ከዚያ ቀን በኋላ ባለ ዳቦ ቤቱ በስሜ ይጠራኝ ጀመር።

በዓሉ ሲደርስ ሚኮሺ ይወጣል። ሚኮሺ የመቅደሱ መንፈስ ለበዓሉ የሚያርፍበት፣ በወርቅና በጌጥ የተሸለመ ትንሽ ቤት ነው፤ በረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ይታሰርና በብዙ ሰው ትከሻ ይዞራል። ከትልልቆቹ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝኑ አሉ። በቶኪዮ አሳኩሳ በሜይ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ የሚከበረው ሳንጃ ማትሱሪ ላይ 44 ሰፈሮች የየራሳቸውን ሚኮሺ ይዘው ይወጣሉ። በዓሉ መታሰቢያነቱ ለሦስት ሰዎች ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ628 ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ከሱሚዳ ወንዝ ካኖን የተባለችውን የቡድሃ እምነት የምሕረት አምላክ ምስል በመረብ አወጡ፤ የመንደሩ ሹም ደግሞ ለምስሉ ማደሪያ አደረገለት። እንግዲህ በዚያ ሰፈር ታላቁ በዓል የሚከበርላቸው ንጉሥና የጦር አለቃ አይደሉም፤ ሁለት ዓሣ አጥማጆችና አንድ የመንደር ሹም ናቸው። ይህ ነገር ደስ ይለኛል።

ሚኮሺ የተሸከመ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ረጅሙ ሰው ሸክሙ ይበዛበታል፤ አጭሩ ትከሻው አግዳሚውን አይነካም። ስለዚህ ሰው በቁመት ይደረደራል፣ በየጥቂቱ ርቀትም ይቀያየራል። ሁሉም በአንድ ድምፅ እየጮኸ እርምጃውን ያስተካክላል፤ አንዱ እርምጃ ከሳተ የጎኑ ሰው ትከሻ ይቆስላል። ሲያበቃ ሁሉም በአንድነት አጨብጭቦ ይዘጋል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ከዚያ አንድ። ከዚያ በኋላ የሚበላው ሩዝና የሚጠጣው ሻይ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት፤ ያዘጋጁት ሰዎች ሚኮሺውን ሲያልፍ ያዩት እንኳ ላይሆኑ ይችላሉ።

ስለ ኪዮቶው ጊዮን በዓል ሳልናገር ብወርድ ቅር ይለኛል። በ869 ወረርሽኝ አገሩን መታ። ሰዎች በአገሩ ግዛቶች ቁጥር ልክ 66 የጦር መሣሪያ ምሰሶዎች አቁመው ጸለዩ። የዛሬው በዓል መነሻ ያ ነው። ጁላይን ሙሉ ይዘልቃል፤ ትልቁ ሰልፍ በ17ኛውና በ24ኛው ቀን ነው። በሰልፉ 34 ሠረገላዎች ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ ከነምሰሷቸው 25 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ከ10 ቶን በላይ ክብደት አላቸው። ሲገጣጠሙ ምስማር አይመታባቸውም፣ በገመድ ይታሰራሉ። መሪ የላቸውም፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ከጎማቸው ሥር የተሰነጠቀ ቀርከሃ ተነጥፎ ውኃ ይፈስበታል፣ ከዚያ በገመድ ጎትተው ያዞሯቸዋል። በጎናቸው ከተሰቀሉት ጨርቆች መካከል በ16ኛው መቶ ዘመን ቤልጅየም ውስጥ የተሸመኑ አሉ። ሰልፉ ባለቀ በዚያው ቀን ደግሞ ሠረገላውን ያፈርሱታል፤ በጎዳናው ሲዞር የበሽታውን መንፈስ ሰብስቧልና ማደር የለበትም።

ይህ በዓል በጦርነት ለ33 ዓመታት ተቋርጦ በ1500 ተመለሰ። በ1864 በከተማዋ በተነሣ እሳት ብዙ ሠረገላዎች ጠፉ፤ ኦፉኔ ሆኮ የተባለው በመርከብ ቅርጽ የተሠራ ሠረገላ የተመለሰው ከ150 ዓመት በኋላ በ2014 ነው። ታካያማ የተባለው ደግሞ በከባድ ዝናብ ተጎድቶ ከሰልፍ ከወጣ በኋላ እስከ 2022 ድረስ 196 ዓመት ቆየ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያ ሰፈር በሰልፉ ላይ ሠረገላ አልነበረውም። ግን በየዓመቱ የተረፉለትን ምስሎች አውጥቶ ደርድሮ በዓሉን ያከብር ነበር። ስድስት ሰባት ትውልድ ያለ ሠረገላ ሥራውን ሠራ ማለት ነው፤ ያለዚያ በ2022 የሚመለስበት ሰፈር አይኖርም ነበር። ቅድም ያልኋችሁን እደግመዋለሁ፤ በዓሉ የሚቆመው በሚሠራለት ሰው ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ የእንግዳው ቦታ ነው። በ2024 መጨረሻ በጃፓን የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ከ3.7 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከነሱ መካከል የእኛ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ ሰብሰብ ብለው የሚኖሩ አሉ። ለዚህ ሁሉ ሰው በሩ የቱ ጋ ነው?

አንዳንዱ በር ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። በሰሜን በአኦሞሪ ከኦገስት 2 እስከ 7 የሚከበረው ነቡታ ላይ ከወረቀትና ከሽቦ የተሠሩ፣ በውስጣቸው መብራት ያለባቸው ግዙፍ የጀግኖች ምስሎች በማታ ይዞራሉ። ከፊታቸው የሚዘሉት ጨፋሪዎች ሃኔቶ ይባላሉ፤ ልብሱን በሥርዓቱ የለበሰ ማንም ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ መግባት ይችላል፤ ልብሱም በከተማው ይከራያል። በቶኩሺማ ከኦገስት 12 እስከ 15 በሚከበረው የአዋ ጭፈራም ቡድን የሌለው ሰው የሚገባበት ክፍት ቡድን አለ። ሂዱ፣ ዝለሉ፣ ጨፍሩ። የሕይወታችሁ ደስ የሚል ሌሊት ይሆናል።

የሰፈራችሁ በር ግን በዝግታ ነው የሚከፈተው። ሚኮሺ ለመሸከም የሰፈሩን ሃንተን መልበስ ያስፈልጋል፤ ሃንተን ጀርባው ላይ የሰፈሩ ምልክት ያለበት አጭር ካባ ነው። ሃንተን የሚያውሳችሁ ሰው ለእናንተ ዋስ ሆነ ማለት ነው፤ ብትሰክሩ፣ ብትጣሉ፣ የሚያፍረው እሱ ነው። ስለዚህ አያውሷችሁም ብላችሁ አትቀየሙ፤ ገና አላወቋችሁም። እኔን ያወቁኝ በሩዙ በኩል ነው። የሰፈሬ እናቶች ለተሸካሚዎቹ የሩዝ ጥቅል ሲያዘጋጁ ልርዳ ብዬ ገባሁ። እጄን በጨው ውኃ አስነክረው ትኩሱን ሩዝ በመዳፌ አስቀመጡልኝ። ሲያስተምሩኝ ብዙም አላወሩም፤ ያልተስተካከለውን ወስደው እንደገና ይጠቀልሉታል፣ የተስተካከለውን ከራሳቸው ጥቅል ጋር ይደረድሩታል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አንዲት እናት በሚቀጥለው ዓመት ሳልጠይቃቸው ሃንተን ይዘውልኝ መጡ።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁን ልብ የሚነካ ጥያቄ አለ፤ ሳልነካው ባልፍ አግባብ አይሆንም። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው የሌላ እምነት መቅደስ በዓል ላይ ምን ያደርጋል? ብዙ ጃፓናውያን ብትጠይቋቸው ሃይማኖት የለኝም ይሏችኋል፤ ያው ሰው ሚኮሺ ይሸከማል፣ ከመቅደሱ ፊትም ያጨበጭባል። ለእነሱ ጎረቤትነት ነው። ለእኛ ግን መሠዊያ መሠዊያ ነው፤ ይህን ሊያስረሳን የሚገባ ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔ በራሴ መስመር አስምሬያለሁ፦ ከጸሎቱ እቀራለሁ፣ ከሥራው አልቀርም። ምክንያቴን አንድ ጊዜ በትሕትና ተናገርሁ፤ የተቀየመኝ የለም። ሥራው ብዙ ነው። መኪና የሚያስቆም ያስፈልጋል፣ ውኃ የሚያድል ያስፈልጋል፣ የልጆቹን ትንሽ ሚኮሺ የሚከተል፣ ኑድል የሚጠብስ፣ ማታ ቆሻሻ የሚለይ ያስፈልጋል። እናንተም መስመራችሁን በየኅሊናችሁ አስምሩ። አስቀድማችሁ ተናገሩ እንጂ በዕለቱ አትጥፉ።

አንድ ትንሽ የሥርዓት ነገር ልጨምር፤ ሚኮሺ ሲያልፍ ከፎቅ በረንዳ ቁልቁል ማየት ነውር ነው። ወርዳችሁ ከመንገዱ ዳር ቁሙ።

ሁሉም በር ይከፈታል ብዬ ግን አልሸነግላችሁም። ብዙ ዓመት ኖራችሁም እንግዳ የምትባሉበት ቦታ አለ። ሴቶች የማይወጡባቸው ሠረገላዎች አሉ፤ የጊዮንን ሰልፍ የሚመራው ናጊናታ ሆኮ እስካሁን እንደዚያ ነው። ልማድ ግን ይንቀሳቀሳል። በአይቺ ግዛት ኢናዛዋ ከተማ የሚከበረው የኮኖሚያ የወንዶች በዓል በፌብሩዋሪ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶችን ቡድን ተቀበለ፤ ሴቶቹ የቀርከሃውን ስእለት ተሸክመው ወደ መቅደሱ ገቡ። ያን የወሰነው የሰፈሩ ሰው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከውጭ በጩኸት የሚመጣ አይመስለኝም፤ ውስጥ ገብተው ዓመት ከዓመት የሚሠሩ ሴቶች ያመጡታል።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። በኢዋቴ ግዛት ኦሹ ከተማ፣ ኮኩሴኪጂ በተባለ ቤተ መቅደስ፣ ሶሚንሳይ የሚባል ከ1000 ዓመት በላይ የዘለቀ በዓል ነበር። ወንዶች በክረምቱ ብርድ ግልድም ብቻ ታጥቀው ሌሊቱን የተቀደሰ ከረጢት ለመያዝ ይታገሉ ነበር። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ለመጨረሻ ጊዜ ተከበረ። ያስቆመው ጦርነት አይደለም፣ እሳትም አይደለም። በዚያ ምሽት ተመልካቹ ግቢውን ሞልቶት ነበር፣ የካሜራ ባለሙያዎችም ከሩቅ መጥተዋል። የጠፋው ከበዓሉ በፊት ክታቡን የሚሠራ፣ እንጨቱን የሚቆርጥ፣ ሥርዓቱን የሚያሰናዳ እጅ ነው። ሸክሙ በጥቂት አረጋውያን ቤተሰቦች ላይ ወድቆ ነበርና ከዚህ በላይ አልቻልንም አሉ። ስለዚህ ነው ደጋግሜ የምናገረው። የጃፓን መንደር በዓሉን የሚያጣው በተመልካች እጦት አይደለም።

ወቅቱም ራሱ እየተናደ ነው። ቅድም አስቀምጡልኝ ያልኋችሁ የቼሪ መዝገብ የሚናገረው ይህንኑ ነው። በፉኩሺማ ግዛት የሶማ ኖማኦይ የፈረሰኞች በዓል ለረጅም ጊዜ በጁላይ መጨረሻ ሲከበር ኖሮ፣ ሙቀቱ ሰውንና ፈረስን ስለጎዳ ከ2024 ጀምሮ ወደ ሜይ መጨረሻ ተዛወረ። የሶማ ሕዝብ በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሱናሚና የኑክሌር አደጋ በአንድነት ሲወርዱበት እንኳ በዚያው ዓመት በዓሉን ቀንሶ አክብሯል። በዚያው ዓመት ጁላይ ቶሆኩ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ክፍል ስድስት ታላላቅ በዓላት ሰንዳይ ላይ ተገናኝተው ለሙታን መታሰቢያ፣ ለተረፉት ማበረታቻ የሚሆን የጋራ በዓል አቆሙ። ከአደጋው አራት ወር በኋላ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ አደጋን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የምትሄዱበት አገር ምድሩ ይንቀጠቀጣል። በ1995 የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከፍርስራሽ ውስጥ በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ከየትኛው ቤት የትኛው ክፍል ማን እንደሚተኛ የሚያውቅ ጎረቤት ነው የሚቆፍረው። የበዓሉ ድንኳን ያኔ የመጠለያ ድንኳን ይሆናል፤ ለተሸካሚዎች ሩዝ የተቀቀለበት ድስት ያኔ ለተፈናቃይ ይቀቅላል፤ በበዓሉ ቀን መኪና ያስቆመው ሰው ያኔ ሰዉን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይመራል። በሰፈሩ ማኅበር ዝርዝር ላይ ስማችሁ ከሌለ የሚፈልጋችሁ ሰው የት ጀምሮ ይፈልጋል?

እንግዲህ ስትደርሱ ይህን አድርጉ። አድራሻችሁን በወረዳው ጽሕፈት ቤት በምታስመዘግቡበት ቀን የሰፈራችሁ ቾናይካይ የትኛው እንደሆነና በማን በኩል እንደሚገባ ጠይቁ። ትንሽ ስጦታ ይዛችሁ የግራና የቀኝ ጎረቤታችሁን በር አንኳኩ፤ ቡና ብትወስዱ መልካም ነው፣ ከየት እንደመጣችሁ ራሱ ያስረዳላችኋል። የመንገድ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቡ፤ ማንበብ ካቃታችሁ በስልካችሁ አንሥታችሁ የሚያነብ ሰው ጠይቁ። ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ጠዋት ብዙ ሰፈር የጽዳት ቀን አለው። በዓሉን አትጠብቁ፤ ለጽዳቱ ውጡ። ጓንት ይዛችሁ፣ ከተባለው ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከወጣቶቹ እንጀምር።